እህቴን ላተረፋችሁልን ሁሉ

እህቴ «እኔ እያለቀስኩ አልጨርሰውም፣ አንቺ ጻፊልኝ» ስላለችኝ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ለተቀበለቻት ነርስ። እግሯ እየከዳት ልቧ እየዘለለባት ነው የገባችው፣ ክብደቷ ደሞ ሲታይ ምንም አይልም፣ ማንም የአመጋገብ ችግር አለባት ብሎ አይጠረጥርም። ነርሷ ግን ያበጠ ጉንጯንና ጣቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አየት አርጋ እኛን በትህትና አስወጣችንና «የኔ እህት፣ ከበላሽ በኋላ ታስመልሻለሽ እንዴ?» አለቻት፣ ሳትቆጣ ሳትደነግጥ። እህቴ ለሰው ተናግራው የማታውቀውን ሁሉ ነገረቻት፣ ሆዷን እንዲያስቀምጣት የምትውጠውን ኪኒንም ጭምር። ደሟ ሲታይ ፖታሲየሟ፣ ልብና ጡንቻ እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ማዕድን ማለት ነው፣ 2.1፣ መሆን ያለበት ከ3.5 እስከ 5 ነው።

የኩላሊት ዶክተራችን፣ ቁጭ ብለህ ስላስረዳኸን እናመሰግናለን። ለካ ፖታሲየሙ በትውከትና በተቅማጥ ብቻ አይደለም የሚያልቀው፣ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ጨውና ውሃ ለመያዝ የሚያመነጨው ሆርሞን ኩላሊትን ፖታሲየም በሽንት እንዲጥል ያረገዋል፣ ይሄ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ደሞ የኩላሊቱ ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዱና ጠባሳ ይይዛሉ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውሃ የሚላት፣ ሌሊት ለሽንት የምትመላለሰውም ለዚሁ ነበር። የኩላሊት ሥራ የሚታይበት፣ ከጡንቻ የሚመጣው ክሬቲኒኗ ብዙም አያስደነግጥም ነበር ግን ጡንቻ ሲቀንስ ክሬቲኒን ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ይችላል ብለህ ሲስታቲን ሲ የሚባለውን ሌላ የኩላሊት የደም ምርመራ ያዘዝክላት አንተ ነህ፣ ጉዳቱም በሱ ነው ጎልቶ የታየው።

የማታ ነርሶች፣ ፖታሲየሙ በደም ስር ሲገባ እጇን ሲያቃጥላት ፍጥነቱን እየቀነሳችሁ አጠገቧ የቆማችሁ፣ ማግኒዚየሟ ካልተስተካከለ ፖታሲየሙም አይነሳም ብላችሁ እሱንም የተከታተላችሁ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ።

የምግብ ባለሙያዋን ግን እንዴት አርጌ እንደማመሰግን አላውቅም። ኪኒኑን ስታቆም እግሯ አብጦ ሚዛኑ ሲጨምር እህቴ ልትጠፋ ነበር እኮ፣ አንቺ ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ያበጠውን በጣትሽ ጫን አርገሽ ጎድጎድ ሲል አሳየሻትና «ይሄ ውሃ ነው፣ ስብ አይደለም፣ ይሄዳል» አልሻት። ሄደ!

አሁን ፖታሲየሟ 4.1 ነው። ኩላሊቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ክትትል አላት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጋም አላቋረጠችም።

ውጤቱ ታትሞ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ስልክ አንስተህ የደወልከው የላብራቶሪ ልጅ፣ ስምህን እንኳ አናውቅም፣ እናታችን በየጸሎቷ ታነሳሃለች። እድሜና ጤና ይስጥልን።