ደብዳቤ ለልጄ፦ «ምክር ብቻ» ስላልሽው ኮሚቴ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ ከለንደን ብርድ ጋር አልታረቀም።

በመሥሪያ ቤትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ መመረጥሽን እናትሽ ነገረችኝ። «ምክር ብቻ ነው፣ ወሳኞቹ እነሱ ናቸው፣ ገብቼ ምን ልፈይድ?» ማለትሽንም ሰማሁ። አልፈርድብሽም። አለቃ «እንመካከር» ሲል ብዙ ጊዜ ያለቀ ነገር ሊያስፈርምሽ ነው። ግን እንቢ ከማለትሽ በፊት ይህን ስሚኝ።

አውቶቡስ ስነዳ አባል የነበርኩበትን የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ካቋቋሙት ዋነኛው ኧርነስት ቤቪን ነው። በ11 ዓመቱ ትምህርት አቁሞ፣ ብሪስቶል ውስጥ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው። በግንቦት 1940 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ቁጠሪው) የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል የሥራ ሚኒስትር አደረገው።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ልትወድቅ ነው፤ ጭንቅ ነው። በዚያው ወር ፓርላማው በአንድ ከሰዓት በኋላ ያጸደቀው ሕግ መንግሥት ማንንም ሰው በፈለገው ሥራ ላይ እንዲያሰማራ ሥልጣን ሰጠው። ቤቪን አድማን በአዋጅ ልከልክል ቢል ማን ያቆመው ነበር? እሱ ግን ጉዳዩን ለአሠሪዎችና ለሠራተኞች ብሔራዊ አማካሪ ምክር ቤት አቀረበ። ከዚያ ውስጥ 7 ከአሠሪ፣ 7 ከሠራተኛ ተመርጠው አነስተኛ ኮሚቴ ሆኑ። ልብ በይ፣ የእነሱም ሥራ ማማከር ብቻ ነበር።

ምክራቸው ግን ባዶ አልነበረም። የደመወዝ ድርድሩ እንደወትሮው በማኅበራትና በአሠሪዎች እጅ ይቆይ፤ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ግልግል፣ ማለትም ገለልተኛ ሦስተኛ ወገን ወደሚዳኝበት ይሂድ፤ የግልግሉ ውሳኔ ይጽና አሉ። በዚህ ፈንታ የሠራተኛው አድማም፣ አሠሪው ሠራተኛ እንዳይገባ በር መዝጋቱም ይቁም። ሐምሌ ላይ ይኸው ሐሳብ «ትዕዛዝ 1305» ሆኖ ወጣ። እኔ የምወድለት ክፍል አለው፦ አሠሪው በአካባቢው በዚያ ሙያ ማኅበራትና አሠሪዎች ከተስማሙበት ያነሰ የሥራ ሁኔታ እንዳያቀርብ ተገደደ። አየሽ፣ የሠራተኛው ወገን ትልቁን መሣሪያውን ሲያስቀምጥ በነፃ አላስቀመጠም።

ደግሞ ሁሉ ሰላም ሆነ እንዳትዪኝ። ኬንት ውስጥ ቤትስሃንገር የሚባል የድንጋይ ከሰል ማውጫ ነበር። አስቸጋሪ ቦታ ላይ ለሚቆፍሩት ምን ይከፈል በሚል ተጣሉ፣ የግልግሉ ውሳኔ ማዕድን ቆፋሪዎቹን አላረካም፣ በጥር 1942 ሥራ አቆሙ። መንግሥት ከሰሳቸው። ከ1,000 በላይ ሰው ተቀጣ፣ 3 የማኅበሩ መሪዎች ታሰሩ። ከዚያስ? ከሰል የሚያወጣ ጠፋ! ባለሥልጣናቱ እስር ቤት ድረስ ሄደው ከታሰሩት መሪዎች ጋር ተደራደሩ፤ ስምምነቱም እዚያው ተፈረመ። መሪዎቹ ተፈቱ። መቀጮውንም የከፈሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ1944 ደግሞ በአገሩ ከ2,000 በላይ የሥራ ማቆም ተካሄደ። ትዕዛዙ እስከ 1951 ቆይቶ ተሻረ።

እኔ እንደሚመስለኝ እነዚያ 14 ሰዎች ቃላቸው የተሰማው ከኋላቸው ሰው ስለነበረ ነው። ቤትስሃንገር ላይ ደግሞ ከኋላ ያለው ሠራተኛ ከውሳኔው ጋር አልነበረም። ስለዚህ ግቢ፣ ግን ብቻሽን አትግቢ። ከስብሰባው በፊት የማታ ፈረቃዎቹን አነጋግሪ፤ እነሱን ማንም አይጠይቃቸውም። ወረቀቱ አስቀድሞ ይሰጠን በይ። ቃለ ጉባኤ ሳታነቢ አትፈርሚ። «በቃ ተስማምታችኋል» የሚል ካለ፣ «በምን ፈንታ?» ብለሽ ጠይቂው።

እሁድ ስትመጪ የኮሚቴውን ደንብ ይዘሽ ነይ። አጀንዳ የሚያስይዘው ማን እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ አብረን እናየዋለን። እናትሽ ዶሮ ልትሠራ አስባለች፤ አርፍጄ እመጣለሁ እንዳትዪ።

አባትሽ