ድሬዳዋን ከሠንጠረዡ ማን አወጣት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም ይባላል። እና «አንተ» እያልኩ ብጽፍልህ በንቀት አትውሰደው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ጋራ ገቢ ክፍፍል፣ ማለትም ፌዴራልና ክልሎች የጋራ ግብራቸውን እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ባወጣችሁት ዘገባ ሥር አንድ ሠንጠረዥ ነበር። ክልሎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ 12 ናቸው። አዲስ አበባ ለብቻዋ ሳጥን ተሰጥቷታል። ድሬዳዋ የለችም። ከግርጌ በደቃቃ ፊደል ትኖር ይሆን ብዬ መነጽሬን አድርጌ ፈለግኩ። እዚያም የለችም።

መልሳችሁን አውቀዋለሁ፤ «ድሬዳዋ ክልል አይደለችም»። ልክ ናችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ የፌዴሬሽኑን አባላት ሲዘረዝር አልጠራትም። አዲስ አበባ እንኳ አንቀጽ 49 አላት፤ የእኛ ስም ግን ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጠው አይገኝም። የምንተዳደርበት ቻርተርም የወጣው በሕገ መንግሥቱ ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው። ይሁንና በየዓመቱ የክልሎች ድጎማ ሲጸድቅ ድሬዳዋም አብራ ተሰልፋ ድርሻዋ ይያዝላታል። ፓርላማው ያልረሳትን እናንተ ምን ነክቷችሁ ረሳችኋት?

ነገሩ ለምን እንደቆረቆረኝ ልንገርህ። ለዓመታት በግሌ ነግጃለሁ። የግለሰብ ነጋዴ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የክልል ነው፤ እኛ ዘንድም የሚገባው ለአስተዳደሩ ነበር። በኋላ ከወንድሜ ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቋምን። ሱቁ ያው፣ መደርደሪያው ያው፣ በዱቤ የሚወስደውም ደንበኛ ያው። ግብሩ ግን ባለቤት ቀየረ። የድርጅት ትርፍ ግብር፣ ያቺ 30 በመቶ፣ በአንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ናት። «ክልል» ሲል እኛ አለንበት ወይስ የለንበትም? ዘጋቢያችሁ ቢጠይቅልኝ ደስ ባለኝ።

ደግሞ አካፋዩን ተመልከት። የጋራ ገቢን የሚያከፋፍለው፣ በአንቀጽ 62፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። አባላቱን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ድሬዳዋ ለተወካዮች ምክር ቤት 2 ሰው ትመርጣለች። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ላይ ሲደረስ ግን የከተማዋ ምክር ቤት የሚልከው ሰው የለም። ከፋይ ነን፤ ሲካፈል ግን ደጅ ነን። ዜና የሚባለው ይኼ ነበር! እናንተ ግን የተጨማሪ እሴት ታክሱ ክፍፍል ከ70 ለ30 ወደ 50 ለ50 መቀየሩን ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ጨረሳችሁ። ባለሱቅ ነኝ፤ ለሁለት መካፈል አይጠፋኝም።

ቅጽ ስሞላ «ክልል» የሚል ክፍት ቦታ ሲመጣ እጄ ይቆማል። አንዴ ድሬዳዋ ብዬ ሞልቼ የመስኮቷ ልጅ «ጋሼ፣ ክልል ነው እኮ የተጠየቁት» ብላ መለሰችኝ። ለእሷ ሳቅኩላት። ለእናንተ ግን አልሳቅኩም፤ ጋዜጣ ናችኋ።

ማስተካከያ ካወጣችሁ አንድ መስመር ይበቃናል። ቦታ ከጠበበም የዘጋቢውን ፎቶ ትንሽ አሳንሱት።

የድሬዳዋ ነጋዴ