የሰፈር ጋራዥ ሲያድግ ወዴት ይስፋ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በአንባብያን ዓምዳችሁ ስለ ጎንደር ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የአብያተ መንግሥታቱ ጥገና፣ የጥምቀት በዓልና የእንግዳ አቀባበል ጉዳይ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ከመሀል ከተማ ወደ አዘዞ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ስለሚገኝ አንድ የሰፈር ጋራዥና እርሱን ስላጋጠመው የቦታ ችግር ነው። ለብዙ ዓመታት የአውቶሞቲቭ መምህር ሆኜ አገልግዬ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ፤ የጋራዡ ባለቤትም የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስለዚህ አንባቢ ጥቂት አድልዎ ቢጠረጥርብኝ አልፈርድበትም። ደብዳቤው ማስታወቂያ እንዳይሆን ብዬ የጋራዡንም የባለቤቱንም ስም ትቼዋለሁ።

ጋራዡ ሲጀመር በባሕር ዛፍ ቋሚ ላይ የተመታ ቆርቆሮ፣ አንድ ክሪክና አንድ የመፍቻ ሣጥን ብቻ ነበረው፤ ሥራውም ከባጃጅ ዘይት መቀየርና ከጎማ መለጠፍ ብዙ አያልፍም ነበር። ዛሬ በሲሚንቶ የተገነባ የመፈተሻ ጉድጓድ፣ የሞተር ማንሻና የተሽከርካሪን ብልሽት በኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ አለው። ለባትላሜራ (ለመኪና አካል ጥገና) እና ለኤሌክትሪክ ሥራ ራሳቸውን የቻሉ ባለሙያዎች ቀጥሯል። ከዕቃው ይልቅ እኔን ያስደሰተኝ ግን የአሠራሩ መለወጥ ነው። ከተሽከርካሪው የወጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ በብረት ትሪ ላይ ይቀመጥና ከአዲሱ ጎን ለጎን ለባለንብረቱ ይታያል፤ የእጅ ዋጋም ግድግዳው ላይ ተጽፎ ተለጥፏል፤ መለዋወጫውን ባለመኪናው ራሱ ከፈለገበት ሱቅ ገዝቶ ያመጣል። ሜካኒኩ ከመለዋወጫ ሻጩ ኮሚሽን የሚቀበልበት ልማድ በሙያችን ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ውሳኔ እንዳልነበረ ይገነዘባል። በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከወጣ ወዲህ መለዋወጫ በጣም ስለተወደደ፣ ያላረጀ ዕቃ «አርጅቷል» ተብሎ የሚቀየርበት ሰው የሚደርስበት ጉዳት የወር ገቢን የሚያናጋ ሆኗል።

ትሪው ላይ ያየሁትን አንድ ነገር ልግለጽ። በቅርቡ ወደ ደባርቅ የሚመላለስ አንድ ሚኒባስ ሾፌሩ «ፍሬኑ ይጠልቃል» ብሎ አስገባው። ጎማው ሲወልቅ ሸራው አልቆ ሪቬቱ ከበሮውን መቧጨር ጀምሯል፤ ከቧንቧው የተቀዳው የፍሬን ዘይትም ቡና መስሏል። ሾፌሩ ሸራውን ብቻ ለማስቀየር ነበር ሐሳቡ። የቀድሞ ተማሪዬ ግን ዘይቱን በብርጭቆ አድርጎ ከአዲሱ ጎን አቆመለትና ነገሩን አስረዳው። በተለምዶ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን በ140 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚያወርደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ይህን ሙቀት በቀላሉ ይደርስበታል። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃልና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ቢረገጥ መኪናው አይቆምም። በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየርና ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ለዚህ ነው። ሾፌሩ ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ ዘይቱንም አስቀየረ። ይህን ዓይነቱን ትምህርት እኔ በክፍል ውስጥ በጠመኔ ስሰጥ የነበረውን ያህል እርሱ በአንድ ብርጭቆ ሰጥቶታል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የባጃጅ ነገርም እንዲሁ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ባጃጅ እዚህ ሲሠራ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ይወስዳል፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ባለባጃጁ ጥፋቱን ካንዴላው ላይ እየጣለ በየጊዜው አዲስ ይገዛል። ጋራዡ አሁን መጀመሪያ ካንዴላውን አውጥቶ ቀለሙን ያያል፤ ከዚያም የአየር ማጣሪያውን አጽድቶ ካርቡሬተሩን ያስተካክላል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን እየተገዛ የሚሞላው፣ ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት የሚችለው ቤንዚን የሚያስከትለው ጣጣ ራሱን የቻለ ርእስ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

ሌላው ዜና ሠልጣኞችን ይመለከታል። በቴክኒክና ሙያ የሚማሩ ወጣቶች ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች ሲላኩ በብዙ ቦታ መፍቻ አቀባይና መኪና አጣቢ ሆነው ጊዜያቸውን ይጨርሳሉ። በዚህ ጋራዥ ግን እያንዳንዱ ሠልጣኝ የሠራውን በደብተር ይመዘግባል፤ ባለሙያው ያየዋል፣ ይፈርማል። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ አለች፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ የዲፈረንሻልን ዘይት ስትቀይር «ሴት ልጅ ከመኪና ሥር ምን ትሠራለች?» ያለ አንድ ደንበኛ ነበር። እርሷም ከጉድጓዱ ሳትወጣ «የርስዎን መኪና፣ ጋሼ» አለችው። ሰውየው አሁን መኪናውን ያመጣው እንደሆነ እርሷን ይጠይቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ጋራዡ አድጓል፤ ግቢው ግን ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ተራ የሚጠብቁ ተሽከርካሪዎች በመንገዱ ዳር ይደረደራሉ፤ ተማሪዎችም እነርሱን እየዞሩ ወደ አስፋልቱ ይገባሉ። የኮሪደር ልማቱ መንገድና የእግረኛ መተላለፊያ እያሰፋ ባለበት ጊዜ በእግረኛ መንገድ ላይ ሞተር ማውረድ እንደማይገባ እኔም ባለቤቱም እናምናለን። ጎረቤቶች ስለ ድምፁና ስለ ቀለም ሽታው የሚያቀርቡት ቅሬታም እውነት ነው፤ በጽዋ ማኅበራችን ላይ ሳይቀር ተነሥቷል። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ዓይን የማያየው የተቃጠለ ዘይት ነው።

ከአንድ ሚኒባስ ሞተር በአንድ ጊዜ ከአምስት ሊትር የማያንስ የተቃጠለ ዘይት ይወጣል። በውስጡ ከሞተሩ የተፋቀ የብረት ብናኝና የቃጠሎ ዝቃጭ አለበት። በከተማችን ከየሰፈሩ ቦይ የሚወርደው ውኃ መጨረሻው ወዴት እንደ ሆነ እናስብ፤ ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይወርዳሉ፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ከአንገረብ ግድብ የምንጠጣ ሰዎች ነን። የጥምቀት ዕለት ሕዝቡ የሚረጭበት የፋሲለደስ መዋኛም የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ ነገር ግን አዋጁ ዘይቱን የሚያስቀምጥበት በርሜል ይዞ አይመጣም። ዘይቱን ለምስጥ መከላከያ ብለው የአጥር ቋሚ የሚቀቡበት ሰዎች አሉ፤ ቦይ ውስጥ ከመድፋት ይሻል እንደ ሆነ እንጂ ዝናብ ሲመጣ እርሱም ታጥቦ መሄዱ አይቀርም። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ አሲዱን መሬት ላይ ደፍቶ እርሳሱን ለሽያጭ የሚያወጣ ሰው የሚመርዘው መጀመሪያ የራሱን ልጆች ነው።

ጋራዡ በዚህ ረገድ ከክረምቱ በፊት ሁለት ነገሮችን ሠርቷል። አንደኛ፣ የተቃጠለው ዘይት በወንፊት ተጣርቶ ክዳን ባላቸው በርሜሎች ይጠራቀማል፤ ባትሪም ሳይከፈት እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ከወለሉ የሚታጠበው ውኃ በቀጥታ ወደ ቦይ እንዳይሄድ ሦስት ክፍል ያለው የሲሚንቶ ጉድጓድ ተቆፍሯል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አሸዋውና ጭቃው በመጀመሪያው ክፍል ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከውኃ ስለሚቀል በሁለተኛው ላይ ይንሳፈፋል፣ ወደ ሦስተኛው የሚያልፈው ከታች በተቀበረ ቱቦ የሚመጣው ውኃ ብቻ ነው። የተንሳፈፈውን ዘይት ሠልጣኞቹ በየሳምንቱ እየቀዱ ወደ በርሜሉ ይጨምራሉ። ባለቤቱ በርሜሎቹን የሚረከበው አካል ለማግኘት ከአንድም ሁለት ቢሮ ተመላልሷል፤ «ይህ የእኛ ሥራ አይደለም» ከሚል መልስ በቀር ያገኘው ነገር የለም። በርሜሎቹ አሁን ከግቢው አንድ ጥግ ይዘው ተደርድረዋል፤ ያንኑ የጠበበውን ግቢ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች መፍትሔው ጋራዦችን ሁሉ ነቅሎ ከከተማ ውጭ ማስፈር ነው ሲሉ እሰማለሁ። በዚህ አልስማማም። ቁስቋም ላይ ክላቹ የተበጠሰበት ባለባጃጅ ገመዱን ለማስቀየር ተጎትቶ የከተማው ዳር ድረስ መሄድ አለበት ማለት የዕለት ገቢውን ለመጎተቻ ይክፈል ማለት ነው። የሚሻለው ሥራውን መለየት ይመስለኛል። ዘይት መቀየር፣ ጎሚስታ፣ የፍሬንና የኤሌክትሪክ ጥገና በሰፈር ይቆዩ፤ ባትላሜራ፣ ቀለም መርጨት፣ ሞተር አውርዶ መግጠምና የከባድ መኪና ሥራ ግን ወደ አንድ የጋራ ቦታ ይሂዱ። ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ሼድ እንደሚሠራው ሁሉ፣ ወደ መተማና ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት በአዘዞ አቅጣጫ ጋራዦች በኪራይ የሚጋሩት፣ ወለሉ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ዘይት መለያ ጉድጓድና የቀለም ክፍል ያለው አንድ ግቢ ቢዘጋጅ ለብዙዎቹ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ገንዘብ ብዙም የማይጠይቀው ነገር ይቅደም፤ የተቃጠለ ዘይትና አሮጌ ባትሪ በወር አንድ ቀን ከየጋራዡ የሚሰበስብ አንድ መኪናና አንድ ኃላፊነት ያለው ቢሮ ይመደብ።

ጊዜው ራሱ ይህን ያስገድዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ዕድሜ እየተጠገኑ መኖራቸው አይቀርም፤ ያ ማለት ብዙ ጥገና፣ ብዙ ዘይት ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሪክ መኪኖች እየመጡ ነው። እኛ የለመድነው የ12 ቮልት ባትሪ ሲነካ ቢበዛ ብልጭ ይላል፤ የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ዋና ባትሪ ግን ከ300 ቮልት በላይ ስለሆነ ይህን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ገመድ ሳያውቅ የሚነካ ሜካኒክ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የቀድሞ ተማሪዬ እነዚህን መኪኖች ለጎማ፣ ለፍሬንና ለሞላ ብቻ እየተቀበለ የቀረውን «ገና አልሠለጠንኩም» ብሎ ይመልሳል። ደንበኛ ቢያጣበትም ትክክል አድርጓል። የሥልጠና ተቋማት አጫጭር ኮርሶችን በማታ ቢከፍቱ ግን ከሠልጣኞቹ ጋር አብሮ ለመቀመጥ ዝግጁ ነው፤ እኔም ጡረተኛ ነኝ ብዬ የምቀር አይመስለኝም።

የጋራዡን አድራሻ ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ። ዘይት መለያ ጉድጓዱን ማየት የሚፈልግ የጋራዥ ባለቤት ወይም የክፍለ ከተማ ኃላፊ ካለ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ቢመጣ ባለቤቱ ክዳኑን ከፍቶ ያሳየዋል፤ ለሲሚንቶ፣ ለቱቦና ለቆፋሪ ያወጣውን ወጪም በደብተር ጽፎ ስለያዘ ለመቅዳት ይቻላል። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን አትምጡ፤ በዚያ ወቅት የከተማው መኪና ሁሉ ለእንግዳ ማመላለሻ ስለሚዘጋጅ በዚያ ግቢ እንኳን ለጎብኚ፣ ለመፍቻ ማስቀመጫም ቦታ አይገኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ የአውቶሞቲቭ መምህር
ጎንደር