እማዬ፣ እጅሽ አላረጀም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ቅዳሜ ስደውል፣ የልደቱ ኬክ ግማሹ መጋገሪያው ላይ ቀርቶ በማንኪያ ፈልቅቀሽ እንዳነሳሽው ነገርሽኝ። ከዚያ «እጄ አረጀ መሰለኝ» አልሽ። ይቺ ቃል ከሆዴ አልወጣ አለች፤ ሌሊቱን ሳስባት አደርኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ። ያነበብኩልሽ አሠራር የዚህ፣ የቨርጂኒያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ኬኩ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይሰምጣል፣ እርጥበቱ እየተነነ ስኳሩ ይበዛበታል፣ ያን ጊዜ ይይዛል። ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሺለት፣ ቤኪንግ ፓውደሩንም ሩብ ያህል።

አዲስ የሸክላ ምጣድ ስታሟሺ ትዝ ይለኛል። የተወቀጠ ጎመን ዘር ነስንሰሽ በጨርቅ ታሺዋለሽ፤ እኔ በጭሱ እያስነጠስኩ በር ላይ ቆሜ ሳይ፣ ምጣዱ ቀስ በቀስ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ያልተሟሸ ምጣድ እንጀራ እንደሚይዝ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ብረቱም እንዲሁ ነው። እንቁላሉና ስኳሩ ሲግሉ ሙጭጭ ይሉበታል፤ መሃላቸው ቅባት መግባት አለበት።

ዘይት ብቻ ነው የቀባሁት ብለሽኛል። ዘይት ጎኑ ላይ አይቆምም፣ ወርዶ ታች ይጠራቀማል። የገበታ ቅቤም ውሃና የወተት ተረፈ ነገር ስላለው አርሮ ይይዛል። ሳይቀመም የተነጠረ ቅቤ ይሻላል፤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ግን ለኬክ አይሆንም። ረግቶ ሳለ ጠርዙን ሳትዘነጊ በጣትሽ ቀቢው፣ አንድ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ጨምረሽ እያዞርሽ አዳርሺ፣ ከዚያ ገልብጠሽ ጠብ ጠብ አድርጊው፤ ትርፉ ይራገፍ። ታች ደግሞ በሰው የላክሁልሽን የመጋገሪያ ወረቀት በልኩ ቆርጠሽ አንጥፊበት፤ ለድፎ ዳቦ ኮባ እንደምታነጥፊው ማለት ነው።

ከወጣ በኋላ እንግዳ እስኪመጣ እዚያው ተውኩት ማለትሽም ትዝ አለኝ። 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ እንፋሎቱ ያልበዋል፣ ስኳሩም ቀዝቅዞ ይጠነክራል። ዳሩን በስስ ቢላ ዙሪያውን አላቅቂና ንጹሕ ጨርቅ ያለበስሽው ሰፌድ ላይ ገልብጪው፤ ሰፌድ ከታች አየር ያሳልፍለታል። እምቢ ካለ በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ጨምቀሽ ለአንድ ደቂቃ ጀርባው ላይ ጣል አድርጊበት።

መጋገሪያውን በሽቦ አትፈትጊው፣ አደራ። በሞቀ ውሃ ዘፍዝፊው።

ደግመሽ ስትጋግሪ ደውይልኝ፤ ልጆቹ ስልኩን ኩሽና ያስጠጉልሽ። ሰፌዱ ላይ ሲገለበጥ አብሬሽ ማየት እፈልጋለሁ።

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ