ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን አልብሱልን፦ ከሐይቅ የልዩ ፍላጎት ክፍል አስተባባሪ ኮሚቴ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ የሐይቅና የአካባቢዋ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህ የምንጽፍላችሁ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ደጋግሞ እጅ መዘርጋት እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ግን የደረሰብን ነገር ዝም የሚያሰኝ አልሆነም።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ የበልጉ ዝናብ በጠነከረበት ሌሊት፣ ከሐይቁ በኩል የተነሳው ነፋስ የሁለቱን ክፍሎች ጣሪያ ከነማገሩ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ጣለው። ጠዋት ስንደርስ ኮርኒሱ ውኃ ጠጥቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ በጓሮ በኩል ያለው የጭቃ ግድግዳም ግማሹ ተንዷል። ሌሊት በመሆኑ ልጅ አልነበረበትም። አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን ብለናል።

31 ልጆቻችንን የምናስጠልልበት ስናጣ የቅሬው (የዕድራችን) ሽማግሌዎች ዕቃ ቤታቸውን ከፈቱልን። ድንኳኑና ድስቱ ወደ ጥግ ተገፍቶ፣ ልጆቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ውለታቸውን አንረሳም። ሆኖም ሐዘን በሆነ ቁጥር ድንኳኑ ይወጣል፣ ሰው ይተራመሳል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። በግንቦት ብቻ ስድስት ቀን እንዲህ ሆኗል።

ስድስት ቀን ምን አላት የሚል ሰው አጋጥሞናል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ እነዚህን ልጆች ማስተማር ምን እንደሆነ ስላላየ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ልቡ የሚረጋው ነገር ሳይለዋወጥ ሲደጋገም ነው፤ ጫማውን የሚያወልቅበት ጥግ፣ የሚቀመጥባት ወንበር፣ ከፊደል በፊት የሚዘመረው መዝሙር። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለን። መምህርቷ በወፍራም ጨርቅ ላይ አራት ትልልቅ ቁልፎች ሰፍታ፣ ከኋላው ተቀምጣ እጁን በእጇ ይዛ፣ ከመስከረም እስከ ጥር መቆለፍ አስተማረችው። በጥር አንድ ጠዋት የራሱን ኮት አራተኛ ቁልፍ ለብቻው ቆለፈና ዞር ብሎ አያት። ከዚያ በፊት ዓይኗን አይቶ አያውቅም ነበር። አያቱ እንደነገሩን፣ ያን ቀን ማታ ኮቴን አላወልቅም ብሎ ለብሶት አደረ። ጣሪያው ከተነሳ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ኮቱን ይዞ መጥቶ ለመምህርቷ ይዘረጋላታል። የአምስት ወር ድካም በጥቂት ሳምንት ሄደ።

መስማት የተሳናት ልጅም አለችን። በአሥር ዓመቷ ስትመጣ ቋንቋ የሚባል አልነበራትም፤ ከእናቷ ጋር በጥቆማ ብቻ ነበር የሚግባቡት። ዛሬ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ትናገራለች፤ እናትየውም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይማራሉ። በምልክት መጀመሪያ የነገረቻቸው ጥርሷ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ሲያማት እንደኖረ ነው። እናትየው ይህን ሲነግሩን እንባቸው ይቀድማቸዋል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሁለት መምህራን ናቸው። አንደኛዋ እጇ ላይ የንክሻ ጠባሳ አለ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አስፋልት ቅርብ ስለሆነ፣ የሚሮጥ ልጅ ባለበት ቀን አንዷ ሳትመለስ ሌላዋ ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም። ባለፈው ዓመት ሦስተኛዋ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ሄደች፤ አንወቅሳትም።

ወላጆችም የሚታገሉት ቀላል አይደለም። ገበያ ስትሄድ ልጇን ጓዳ ቆልፋበት የምትወጣ እናት ነበረች፤ እርግማን ነው ብለዋት። እርግማን አይደለም። ዳውን ሲንድረም ያለበት ልጅ በአብዛኛው በየሕዋሱ 47 ክሮሞሶም ይዞ የተፈጠረ ነው፤ ሌላው ሰው 46 አለው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ የእናትም የአባትም ኃጢአት የለበትም። ያ ልጅ ዛሬ ለጓደኞቹ ሲኒ እየቆጠረ ይደረድራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። “ለኮርኒስ ያወጣችሁትን ለጣሪያው ማጠናከሪያ ብታደርጉት ይህ አይደርስም ነበር” ተብለናል። ነቀፌታው ያማል፤ መልስ ግን ይገባዋል። ኮርኒሱ ለማማር አልተሠራም። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ጆሯቸውን ይዘው የሚጮኹ፣ ጠረጴዛ ሥር የሚገቡ ልጆች ነበሩን፤ ኮርኒሱ ከገባ በኋላ በዝናብም መማር ቻሉ። የመግቢያው መወጣጫና ሰፊው የሽንት ቤት በርም ቅንጦት አይደሉም። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን የአገሪቱ የሕንጻ ሕግ ያዝዛል። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ሳይነኩ ቆመዋል። በ2014ቱ ጦርነት ወንበርና ጠረጴዛ አልቆብን ከባዶ ወለል ስንነሳ የሰጣችሁን እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ አለው፤ ዝርዝሩ በቅሬው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ማገሩ ግን መለወጥ ነበረበት፤ ለከርሞ ብለን ማሳደራችን ስሕተት ነበር፤ እናምናለን። አሁን ማገሩ በሽቦ ታስሮ ነው የሚሠራው።

ልጆቹን ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱ የሚሉንም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከሐይቅ ተነስቶ እዚያ ድረስ ልጅ ማመላለስ ለማን ይቻላል? ለደሴ እንኳ የየቀኑን ትራንስፖርት የሚችል ወላጅ ጥቂት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ደንግጓል። ጥያቄያችንን ለሚመለከተው አቅርበን መልሱን እየጠበቅን ነው፤ ክረምቱ ግን አይጠብቀንም።

የሚያስፈልገን 64 ቆርቆሮ፣ የባሕር ዛፍ ማገርና ወራጅ፣ ሚስማር፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ 20 ኩንታል ሲሚንቶና የሁለት ክፍል ኮርኒስ ነው። እስካሁን 19 ቆርቆሮ ገብቷል። ቃል ገብታችሁ ያልላካችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አደራ። ጉልበቱን የአካባቢው ወጣቶች በጅጌ ችለውታል፤ ቡናውንና ንፍሮውን እናቶች። አንድ ሰው አንድ ቆርቆሮ ጀባ ቢል ይሞላል። ለሶደቃ ያሰባችሁ፣ ለምጽዋት የተሳላችሁ፣ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይህን ጥሪ አንብበውልናል።

ገንዘብ የምትልኩ በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ላኩ። ቁጥሩ የቅሬው ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ አለ። ከሦስታችን ፊርማ ውጭ ከሒሳቡ ብር አይወጣም። በማንም ግለሰብ ስልክ፣ በቴሌብርም ቢሆን፣ አንቀበልም፤ “ከኮሚቴው ነኝ” ብሎ የሚደውል ቢኖር እባካችሁ ለቅሬው ዳኛ ንገሩ። ቆርቆሮ በዓይነት የምትሰጡ ለቅሬው ዕቃ ቤት ጠባቂ አስረክባችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ጣሪያ የምናለብሰው ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ደግመን እንላለን፣ በኮሚቴው ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ፣ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ አይታችሁ፣ ደረሰኙንም ያዙ።

የክፍሉ አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ሐይቅ