የበይነ መረብ ስብሰባዎች አካል ጉዳተኞችንም ያሳትፉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በባሕር ዳር ሥልጠናዎችና የምክክር መድረኮች በዙም መካሄዳቸው እየተለመደ መምጣቱን በደስታ ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለተጠራ ስብሰባ ዊልቸሩን በሰው የሚያሸክም፣ ወይም ከዘጌ በጀልባ መሻገር የሚከብደው አካል ጉዳተኛ ከቤቱ ሆኖ መሳተፍ መቻሉ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አዘጋጆች ከአዳራሹ ሲወጡ የአዳራሹን እንቅፋት ሁሉ እዚያው የተዉት ስለሚመስላቸው፣ በአዲሱ መንገድ ላይ የሚያስቀምጡትን እንቅፋት ልብ አይሉትም።

እንቅፋቱ የሚጀምረው ከጥሪው ነው። እኔ ዐይነ ስውር መምህር ስሆን ስልኬንም ኮምፒውተሬንም የምጠቀመው ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ስክሪን ሪደር ነው። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ፎቶ ከተነሣ በኋላ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ የስብሰባው ሊንክ፣ ሰዓቱና የይለፍ ቃሉ ሁሉ እዚያው ምስል ውስጥ ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ «ፎቶ» ብሎ ያልፈዋል። ማኅተሙ ይቅር የሚል የለም፤ ያንኑ ጽሑፍ ከፎቶው ሥር መጻፍ ግን ብዙ ጊዜ አይወስድም። በፋይል የተላከ ሰነድም ቢሆን ሁልጊዜ አይነበብም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያውቁ በሚያደርገው የጋራ መለያ) ቢካተትም፣ ከዚያ በፊት በተለመዱ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም ይደርሱናል፤ ለዐይን አማርኛ የሚመስለው ገጽ ውስጡ የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ቅልቅል በመሆኑ በጆሮ ሲሰማ ትርጉም አይሰጥም። (ፎንቱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የሚከፍተው ዐይናማም ከእኛ የተሻለ ዕድል የለውም።)

መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን የሚገጥማቸው ደግሞ ሌላ ነው። ኔትወርክ ሲደክም የስብሰባው መሪ «ሁላችሁም ቪዲዮ አጥፉ» ይላል። ለሚሰማ ሰው ምክሩ ተገቢ ነው፤ በምልክት ቋንቋ ለሚነጋገር ግን አፉን በእጁ እንደመያዝ ይቆጠራል። የምልክት ቋንቋ ከእጅ በተጨማሪ በፊት ገጽታም የሚነገር ስለሆነ፣ የአስተርጓሚው ምስል ከብዙ ትንንሽ ሳጥኖች መካከል ሲሰወር ወይም ተናጋሪ በተለወጠ ቁጥር ቦታው ሲቀያየር መልእክቱ ይቆራረጣል። ሌሎቻችን ቪዲዮ አጥፍተን የአስተርጓሚውንና በምልክት የሚናገረውን ሰው ምስል ክፍት ብናደርግ፣ ዙም በሚሰጠው የስፖትላይት አገልግሎትም አስተርጓሚውን በሁሉም ስክሪን ላይ ጎልቶ እንዲታይ ብናደርግ፣ ኔትወርኩም ይቆጠባል፣ ሰውም አይገለልም። ስብሰባው ከረዘመ አስተርጓሚዎቹ እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ሁለት መሆን አለባቸው።

አቅራቢዎች «እዚህ ላይ እንደምታዩት» ከማለት ይልቅ በስላይዱ ላይ ያለውን ቢያነቡ፣ ተናጋሪዎችም ከመናገራቸው በፊት ስማቸውን ቢጠሩ ይበቃል። የቻቱ ነገር ግን ሳላነሣው አላልፍም። ተሳታፊ በገባ ቁጥር «እንደምን ዋላችሁ»፣ «ሰላም ነው» እየተባለ ሲጻፍ፣ ስክሪን ሪደሬ እያንዳንዱን ሰላምታ በተናጋሪው ድምፅ ላይ ደርቦ ያነብልኛል፤ ጨዋነታችን ስብሰባውን አያሰማኝም። ሰላምታው ከመክፈቻው በፊት ቢያልቅና አወያዩ በቻት የመጡትን ጥያቄዎች ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ እኛም ከአድማጭነት አልፈን መጠየቅና መከራከር እንችላለን።

ይህን የምጠይቀው እንደ ችሮታ አይደለም። አገራችን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 9 ከሕንፃና ከትራንስፖርት ጋር የመረጃና የኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂንም ተደራሽ የማድረግ ግዴታን ያስቀምጣል።

አስተርጓሚ በስብሰባው ዋዜማ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ በባሕር ዳር የሚገኙ መሥሪያ ቤቶችና ማኅበራት በጥሪያቸው ላይ «ለመሳተፍ ምን እገዛ ያስፈልግዎታል?» የሚል ጥያቄ፣ መልሱን የሚቀበለውን ሠራተኛ ስምና ስልክ ጨምረው፣ ከስብሰባው ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት እንዲልኩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ መምህር፣ ከባሕር ዳር