ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ አርሁሊ ሸክላዎች

ውድ ልጄ፣

ባለፈው ደብዳቤሽ የአረጋውያንን ዜማ እየቀዳሽ ራስሽ ለማሳተም እንደምትመኚ፣ ሆኖም ስቱዲዮም በቂ ገንዘብም ስለሌለሽ እያመነታሽ መሆኑን ጽፈሽልኛል። መልሴ ከወጣትነቴ ጀምሮ የምወደው የአሜሪካው አሳታሚ የአርሁሊ ሬከርድስ ታሪክ ነው፤ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።

መሥራቹ ክሪስ ስትራክዊትዝ በ1931 በጀርመን ተወልዶ፣ ቤተሰቡ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ቀዬውን ጥሎ ከተሰደደ በኋላ በ1947 አሜሪካ ገባ። በሬዲዮ የሰማው የጥቁሮችና የገጠር ሰዎች ሙዚቃ በዚያው ማርኮት ቀረ። ጎልማሳ ሲሆን በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ባለሀብት አልነበረም።

በ1959 የብሉዝ፣ ማለትም የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ፣ ዘፋኙን ላይትኒን ሆፕኪንስን ለመስማት ብቻ ብሎ ቴክሳስ፣ ሂዩስተን ድረስ ተጓዘ። ሆፕኪንስ በአንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ጊታሩን ይዞ የዕለቱን ገጠመኝ እዚያው በግጥም ይቋጥር፣ ከታዳሚዎቹም ጋር በስንኝ ይመላለስ ነበር፤ እንግዳውን ባየ ጊዜም ይህ ሰው እኔን ሊሰማ ከካሊፎርኒያ መጣ ብሎ በዘፈኑ አነሣው። ስትራክዊትዝ እንዲህ ያለው ሙዚቃ ሰዎቹ በሚኖሩበት ስፍራ መቀዳት እንዳለበት ያመነው በዚያች ምሽት ነው። እኔም ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ያቺ ቤት ውስጥ በነበርሁ እላለሁ።

በተከታዩ ዓመት መቅረጸ ድምፁን ይዞ ተመለሰና፣ ከሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪው ከማክ ማኮርሚክ ጋር ሲያፈላልጉ ናቫሶታ በተባለች ከተማ ዕድሜውን በእኩል አራሽነት የገፋውን ማንስ ሊፕስኮምን አገኙት። ሊፕስኮም ያኔ 65 ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ በፊት ድምፁ በሸክላ ታትሞ አያውቅም። የቀዱት በገዛ ቤቱ ነው። የአርሁሊ የመጀመሪያ ሸክላ ሆኖ በ1960 ሲወጣ የታተመው 250 ቅጂ ብቻ ሲሆን፣ ሽፋኑን ስትራክዊትዝና ወዳጆቹ በእጃቸው እየለጠፉ አዘጋጁት። የድርጅቱን ስም ያወጣለት ማኮርሚክ ነው፤ ቃሉም ጥቁር ገበሬዎች በእርሻ ላይ ከሚያሰሙት እንጉርጉሮ የተወሰደ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሉዊዚያናው ባለ አኮርዲዮን ክሊፍተን ሼኒዬና የቴክሳስ ሜክሲኳውያን ሙዚቃ ባለቤት ፍላኮ ሂሜኔዝ ተከተሉ። ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ግን የገንዘቡን ነገር ነው። በ1965 ካንትሪ ጆ ማክዶናልድ የተባለ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር በስትራክዊትዝ ሳሎን ውስጥ አንድ የጦርነት ተቃውሞ ዘፈን ሲቀዳ፣ ስትራክዊትዝ በክፍያ ፈንታ የዘፈኑን የማሳተም መብት ወሰደ። ዘፈኑ ስለ ውድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል በተሠራው ፊልም ዓለም ሲሰማው ያስገኘው ገቢ አርሁሊ በካሊፎርኒያዋ ኤል ሴሪቶ ከተማ ሕንፃ እንዲገዛ አስቻለው። የእንግሊዙ የሮክ ቡድን ሮሊንግ ስቶንስም በ1971 የብሉዝ ዘፋኙን የሚሲሲፒ ፍሬድ ማክዶዌልን ዘፈን ሲያወጡ፣ ክፍያው ለማክዶዌል እንዲደርስ የተሟገተው ስትራክዊትዝ ነበር፤ አረጋዊው በ1972 ከመሞቱ በፊት ገንዘቡ እጁ ገባ። የብዙ ብሉዝ ዘፋኞች ድካም ለሌላ ሲሳይ ሆኖ በቀረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እኔ አርሁሊን ከሌሎች አስበልጬ የማከብረውም በዚህ ነው።

ስትራክዊትዝ በ2023 በ91 ዓመቱ አረፈ። ሥራዎቹን ግን ከመሞቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ተቋም ሙዚቃ አሳታሚ ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ተረክቧቸው ነበርና ዛሬም ለሰሚ ይደርሳሉ።

እንግዲህ ያለሽን መቅረጫ ይዘሽ ሂጂ፤ የምትቀጂያቸውን ሰዎች በለመዱት ስፍራ አድምጫቸው፣ ድርሻቸውንም ከማሳተምሽ በፊት በጽሑፍ ተዋዋያቸው። የሊፕስኮምን ሸክላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አውራ ጣቱ ባሱን እየመታ ሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ሲያወጡ ሁለት ጊታር የሚሰማሽ ይመስልሻል፤ አንድ ነው፣ ደጋግመሽ ስሚው።

የሚወድሽ አባትሽ